የሰርቨር ሜሞሪ የሚገዛው በመዝገቡ ልክ ነው

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘን ያለው ዕቃና በባንክ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማን ምን ያህል እንደ ተበደረ፥ የትኛው ዕቃ በምን ዋጋ ገብቶ በምን ዋጋ እንደ ወጣ፥ ለየትኛው ዲክላራሲዮን ምን ያህል ቀረጥ እንደ ተከፈለ የሚናገረው መዝገብም ከሀብቱ አንዱ፥ እንዲያውም የሌላው ሁሉ ቁልፍ ነው። ይህ መዝገብ ከወፍራሙ የሒሳብ ደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ዛሬ ቅርንጫፍ ያላቸው አስመጪዎችና ላኪዎች፥ ከአንድ በላይ መደብር ያላቸው ባለሱቆችም ጭምር፥ ሽያጫቸውንና ክምችታቸውን የሚይዙት ዳታቤዝ በሚባለው የመረጃ ቋት ነው።

መዝገቡ እየሰፋ በሄደ መጠን ግን ሥራው ይዘገያል። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ለመቁረጥ ትጠብቃለች፤ ደንበኛው ይሰለቻል፤ የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የመሣሪያ ሻጭ ይመጣና «ችግሩ የሜሞሪ ማነስ ነው፤ 512 ጊጋባይት ወይም አንድ ቴራባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ይግዙ፤ መዝገብዎ በሙሉ በሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥና ነገሩ ሁሉ ይፈጥናል» ይላል። ይህ ቃል በከፊል እውነት ነው። በከፊል እውነት የሆነ ነገር ደግሞ ፈጽሞ ሐሰት ከሆነው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ ገንዘቡ ከመውጣቱ አስቀድሞ ነገሩ በሚገባ ቢመረመር መልካም ነው ብለን አሳባችንን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሜሞሪ ለመዝገብ የሚሰጠው ጥቅም

ዛሬ አብዛኛው የንግድ መዝገብ የሚያዝበት የመረጃ ቋት ተዛማጅ የመረጃ ቋት ይባላል። መሠረቱን የጣለው በእንግሊዝ አገር የተወለደው ኤድጋር ኮድ ነው፤ እርሱም በአሜሪካ በሳን ሆዜ ከተማ በአይ ቢ ኤም የምርምር ቤት ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ አሳቡን ገለጠ። አሳቡም በአጭሩ መረጃ ሁሉ በረድፍና በዐምድ በተሠሩ ሠንጠረዦች ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር እንጂ መረጃው በየትኛው ሥፍራ እንደ ተቀመጠ ማወቅ አያስፈልገውም የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ መረጃውን ከየት አንሥቶ የት ማቆየት እንደሚሻል የሚወስነው ነጋዴው ሳይሆን ሶፍትዌሩ ራሱ ሆነ። ሶፍትዌሩ ያለው ምርጫም ሁለት ነው፤ አንዱ ሜሞሪ፥ ሁለተኛው ዲስክ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ከሜሞሪ ጥቂት መረጃ ለማንሣት አንድ መቶ ናኖሰከንድ ያህል ይበቃል። ኤስ ኤስ ዲ ከሚባለው ፈጣን ዲስክ ለማንበብ አንድ መቶ ማይክሮሰከንድ ያህል፥ ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዐሥር ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ይህን በሰው ጊዜ ብንቆጥረው፥ የሜሞሪው ሥራ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ የኤስ ኤስ ዲው 17 ደቂቃ ያህል፥ የሃርድ ዲስኩ ከ27 ሰዓት በላይ በሆነ ነበር። ከባንኮኒው ላይ ዕቃ አንሥቶ በመስጠትና ከከተማ ዳር ካለው መጋዘን በመኪና አስመጥቶ በመስጠት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ባለሱቅ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ሜሞሪ ባንኮኒ ነው፤ ዲስክ መጋዘን ነው።

ይሁን እንጂ መጋዘኑን በሙሉ ባንኮኒ ላይ የሚደረድር ነጋዴ የለም። ባንኮኒው ላይ የሚቀመጠው ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀው ዕቃ ነው። ይህንኑ ደንብ ለመረጃ ቋት በሒሳብ ያስቀመጡት ጂም ግሬይና ፍራንኮ ፑትዞሉ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1987 የሜሞሪውን ዋጋና የዲስኩን ዋጋ አመዛዝነው፥ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ የሚጠየቅ መረጃ በሜሞሪ ቢቆይ እንደሚያዋጣ፥ ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚጠየቀው ግን በዲስክ ቢቀመጥ እንደሚሻል አስረዱ። ይህም «የአምስት ደቂቃ ደንብ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ሊቃውንቱ ሒሳቡን እንደ ገና ሠርተውታል፤ የደቂቃውም ቁጥር እንደየዘመኑ ዋጋ ይለወጣል። የማይለወጠው ግን መሠረቱ ነው፤ ይኸውም ሜሞሪ የሚገዛው በመዝገቡ ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን ዘወትር በሚንቀሳቀሰው መዝገብ ልክ መሆኑ ነው።

የነጋዴው መዝገብ ስንት ነው?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በቀን 2,000 የሽያጭ መስመር ይመዘግባል እንበል። ይህ ለአንድ ሱቅ ብዙ ነው። እያንዳንዱ መስመር 200 ባይት ቢወስድ በዓመት በ300 የሥራ ቀን 600,000 መስመር፥ ማለትም 120 ሜጋባይት ይሆናል። ኢንዴክስ የሚባለውን ማውጫና ልዩ ልዩውን ሁሉ ጨምረን እጥፍ ብናደርገው 240 ሜጋባይት ነው። በዐሥር ዓመት ጠቅላላው 2.4 ጊጋባይት ይደርሳል። እንግዲህ የዐሥር ዓመት የሽያጭ መዝገቡ በኪሱ ከያዘው ስልክ ሜሞሪ የማይበልጥ ነጋዴ፥ ለዚሁ መዝገብ የ512 ጊጋባይት ሰርቨር ቢገዛ አንድ ኩንታል ጤፍ ለማኖር የአውሮፕላን መጠለያ እንደ መከራየት ይቆጠራል።

ከዚህ ከፍ ያለውን አስመጪ እንመልከት። የዚሁ መደብር ዓይነት 50 ቅርንጫፍ ቢኖረው፥ መዝገቡ በዓመት 12 ጊጋባይት፥ በዐሥር ዓመት 120 ጊጋባይት ይሆናል። ነገር ግን ገንዘብ ተቀባዩ፥ መጋዘን ጠባቂውና ሒሳብ ሹሙ በየቀኑ የሚገልጡት የዘንድሮውንና የአምናውን መዝገብ ነው፤ የዛሬ ሰባት ዓመት የተቆረጠ ደረሰኝ የሚፈለገው መርማሪ ሲመጣ ወይም ክርክር ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው መዝገብ 24 ጊጋባይት ያህል ነው። ለዚህም 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ይበቃል፤ ለዕድገትም ሥፍራ ይተርፈዋል። በስካነር የተነሡ የደረሰኝና የጭነት ሰነድ ሥዕሎች በዚህ ቁጥር እንዳልገቡ ልብ ይሏል፤ እነርሱ በሠንጠረዡ ውስጥ ከሚከማቹ ይልቅ ለብቻቸው በዲስክ ቢቀመጡ ይሻላል።

ይህን ሒሳብ መሥራት ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ በብር ሲቆጠር ስንት እንደሚሆን አስመጪዎቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። በዚህም ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ወራት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች ሜሞሪውን ስለ ተሻሙት በዓለም ገበያ ዋጋው እጅግ ንሯል። ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥ ሜሞሪ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ዕቃ ሊያስገባ የሚችል ምንዛሪ ነው።

ሌላም የተሰወረ ወጪ አለ። ሜሞሪው ቢገዛም ሶፍትዌሩ እንዳይጠቀምበት ፈቃዱ ሊያግደው ይችላል። ለምሳሌ የማይክሮሶፍት ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር በ2019ና በ2022 እትሞቹ ስታንዳርድ በሚባለው ፈቃድ የመረጃ ገጾችን ለማቆየት ከ128 ጊጋባይት በላይ አይወስድም። በነጻ የሚሰጠው ኤክስፕረስ የሚባለው ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚጠቀመው 1,410 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኤክስፕረስን እየተጠቀመ ሜሞሪ የሚጨምር ነጋዴ በተቀደደ ከረጢት እህል እንደሚሰፍር ሰው ነው።

በእውነት ለሚያስፈልገው

ከዚህ በላይ የተናገርነው ታላቅ ሜሞሪ ለማንም አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ባንኮች፥ የስልክ ድርጅቶች፥ በመላው አገር የሚያከፋፍሉ ታላላቅ ኩባንያዎች በእርግጥ ያስፈልጋቸዋል። የሚንቀሳቀሰው መዝገብ ከሜሞሪው በጥቂቱ እንኳ በበለጠ ጊዜ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት ይወድቃልና፥ ለእነርሱ መሰሰት ጉዳት ነው። መሣሪያውም ሞልቷል፤ የአማዞን ኩባንያ 24 ቴራባይት ሜሞሪ ያለውን ሰርቨር ለኪራይ ካቀረበ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን ታላቅ ሜሞሪ ያለው ሰርቨር እንደ ትንሹ ሰርቨር አይተዳደርም። የሚጠይቀውን ልዩ አያያዝ በአጭሩ እንግለጥ።

በመጀመሪያ፥ አንዳንዱ ሶፍትዌር ካልታዘዘ ሜሞሪውን አይወስድም። ፖስትግሬስ ኪው ኤልና ማይ ኤስ ኪው ኤል የሚባሉት በሰፊው የታወቁ የመረጃ ቋቶች ሲተከሉ ለራሳቸው ገጽ ማቆያ የሚይዙት 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። የፖስትግሬስ መመሪያ ከጠቅላላው ሜሞሪ 25 በመቶ ለመነሻ እንዲሰጠው፥ ከ40 በመቶ በላይ መስጠትም እምብዛም እንደማይረዳ ይናገራል፤ ምክንያቱም የቀረውን የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ራሱ ለዚያው መዝገብ ያውለዋል። የማይ ኤስ ኪው ኤል መመሪያ ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ በተለየ ሰርቨር እስከ 80 በመቶ ሊሰጥ እንደሚችል ያስረዳል። ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው አይስማማም፤ ስለዚህ ባለሞያው የሁሉንም መመሪያ እንደ አንድ ቆጥሮ እንዳይሠራ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ስለ ሜሞሪው የአድራሻ ዝርዝር ነው። ኮምፒዩተር ሜሞሪውን በአራት አራት ኪሎባይት ቈራርሶ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም 8 ባይት የምትወስድ የአድራሻ መስመር ይጽፋል። ፖስትግሬስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ የተለየ ሠራተኛ ይመድባል፤ ሠራተኛውም የራሱን ዝርዝር ይይዛል። የጋራው ማቆያ 64 ጊጋባይት ቢሆን ቁራጩ ከ16 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ዝርዝሩም 128 ሜጋባይት ይሆናል። 200 ተጠቃሚ ቢኖርና እያንዳንዱ ማቆያውን በሙሉ ቢዳስስ፥ ለዝርዝር ብቻ 25 ጊጋባይት ይጠፋል። ይህም መጋዘኑን በዕቃ ሳይሆን በዕቃ ዝርዝር ደብተር እንደ መሙላት ነው። ሂዩጅ ፔጅ በሚባለው ሥርዓት ቁራጩ 2 ሜጋባይት ሲደረግ ግን የአንዱ ሠራተኛ ዝርዝር ወደ 256 ኪሎባይት ይወርዳል፤ የሁለት መቶውም በአንድነት 50 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። 25 ጊጋባይት ሜሞሪ የሚያድን ይህ ማስተካከያ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ የሚጠይቀው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሁለትና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ያለውን ሰርቨር ይመለከታል። በእንዲህ ያለው መሣሪያ ሜሞሪው ለየፕሮሰሰሩ ተከፍሎ በየአጠገቡ ይቀመጣል፤ አንዱ ፕሮሰሰር ከጎረቤቱ ሜሞሪ ሲበደር ሥራው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የማይ ኤስ ኪው ኤል ባለሞያዎች በግልጽ እንደ ጻፉት፥ የአንዱ ወገን ሜሞሪ ሞልቶ መረጃ ወደ ዲስክ ሲጣል የሌላው ወገን ሜሞሪ ባዶውን ይቀመጥ ነበር። መፍትሔውም ማቆያውን ለሁለቱም ወገን እኩል እንዲበተን ማዘዝ ሆነ። አንዱ ሱቅ ዕቃ አልቆበት ሲዘጋ የሁለተኛው መጋዘን ሞልቶ እንደሚገኝበት ድርጅት ማለት ነው፤ ጉድለቱ የአመዳደብ ጉድለት ነው።

ሜሞሪ የማይሠራው ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሜሞሪ ምንም ያህል ቢበዛ የማይሠራቸው ሥራዎች አሉ፤ ነጋዴውን የሚያከስሩትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ሜሞሪ የማውጫን ሥራ አይሠራም። 40 ጊጋባይት የሆነ የሽያጭ ሠንጠረዥ ማውጫ ባይኖረው፥ አንድ ደረሰኝ ለማግኘት ሶፍትዌሩ 40ውን ጊጋባይት ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ሁሉም በሜሞሪ ውስጥ ቢሆን እንኳ ሰከንዶች ይፈጃል፤ መቶ ገንዘብ ተቀባይ በአንድ ጊዜ ሲጠይቅማ ሰርቨሩ ይንበረከካል። በደረሰኝ ቁጥር የተሠራ ማውጫ ቢኖር ግን አምስት ገጽ ያህል ማንበብ ይበቃል፤ የፖስትግሬስ ገጽ 8 ኪሎባይት ስለ ሆነ ይህ 40 ኪሎባይት ነው። የሥራው ልዩነት አንድ ሚሊዮን እጅ መሆኑ ነው። ሥራ ዘገየብኝ የሚል ነጋዴ ሜሞሪ ከመግዛቱ በፊት ማውጫው በሚገባ መሠራቱን ያስመርምር የምንለው ስለዚህ ነው።

ሜሞሪ መዝገብን አይጠብቅም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ለኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው፤ በሜሞሪ ያለው መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይረሳል፤ በዲስክ የተጻፈው ብቻ ይወረሳል። ስለዚህ የታመነ የመረጃ ቋት ሁሉ ሽያጩን ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ከማዛወሩ አስቀድሞ በዲስክ ላይ ባለው የውሎ መዝገብ ይጽፈዋል፤ ጽሕፈቱ ሳይረጋገጥም «ተመዝግቧል» አይልም። ጠንቃቃ ሒሳብ ሹም ገንዘቡን በዕለት መዝገብ ሳያሰፍር ደረሰኝ እንደማይሰጥ ያለ ነው። ከዚህም የተነሣ ሜሞሪ ማንበብን እንጂ መጻፍን እስከ መጨረሻው አያፈጥንም። መጻፍ የዘገየበት ድርጅት የሚያስፈልገው ጥሩ ኤስ ኤስ ዲ ነው፤ ያውም መብራት ቢቋረጥ የጀመረውን ጽሕፈት የሚፈጽምበት ኀይል በውስጡ ያለው።

አንዳንድ ባለሞያ ፍጥነት ለማሳየት ሲል ይህን ጥንቃቄ ያነሣዋል። በማይ ኤስ ኪው ኤል የውሎ መዝገቡ ለየሽያጩ ሳይሆን በየሰከንዱ እንዲጻፍ ማዘዝ ይቻላል። መሣሪያው በእርግጥ ይፈጥናል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የአንድ ሰከንድ ያህል ሽያጭ ሊጠፋ ይችላል። ደንበኛው ዕቃውን ይዞ ሄዷል፤ ገንዘቡ በሣጥን አለ፤ መዝገቡ ግን አያውቀውም። በማታ ሒሳብ ሲታይ ጉድለትና ትርፍ ይገኛል፤ ንጹሑ ገንዘብ ተቀባይም ይጠረጠራል። የሰውን ስም የሚያጠፋ ፍጥነት ፍጥነት ሊባል አይገባም።

ሜሞሪ ሲነቃ ባዶውን ነው። 500 ጊጋባይት መረጃ በሜሞሪ የያዘ ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሣ ያን ሁሉ እንደ ገና ከዲስክ ማንሣት አለበት። በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚያነብ ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ቢያነብ እንኳ አንድ ሰዓት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ይፈጃል፤ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ሲያነብ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለታላቅ ሜሞሪ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ለዩ ፒ ኤስና ለጄኔሬተር መክፈል አለበት። ፖስትግሬስም ሆነ ማይ ኤስ ኪው ኤል ከመጥፋቱ በፊት በሜሞሪ የነበሩትን ገጾች ዝርዝር ይዞ ሲነሣ መልሶ የሚጭንበት ዘዴ ስላላቸው፥ ይህ ዘዴ መሥራቱን ማረጋገጥ ይገባል።

በመጨረሻም ሜሞሪ ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጎግል ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ የተደረገ ጥናት እንደ ገለጠው፥ በየዓመቱ ከመቶው የሜሞሪ ሰሌዳ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስሕተት ታይቶባቸዋል። የሰሌዳው ቁጥር በበዛ መጠን ስሕተት የሚገኝበት ዕድልም ይበዛል። ስሕተቱን የሚያርመው ኢ ሲ ሲ የሚባለው የሜሞሪ ዓይነት ነው፤ ያለ እርሱ የንግድ መዝገብ መያዝ ያልተፈተሸ ሚዛን ይዞ ቡና እንደ መግዛት ነው።

ስለ ተቃራኒው አሳብ

«ሜሞሪ መግዛት ባለሞያ ከመቅጠር ይረክሳል፤ በአንድ ቀን ገዝቶ መገላገል ይሻላል» የሚሉ ነጋዴዎች እንዳሉ እናውቃለን። አሳባቸው ከንቱ አይደለም። 16 ጊጋባይት ያለውን ሰርቨር ወደ 64 ማሳደግ ብዙ ጊዜ ከወራት ምርመራ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ በእንዲህ ያለው ጊዜ መግዛቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከ64 ወደ 1,024 መዝለል ሌላ ነገር ነው። ከላይ እንዳየነው ታላቁ ሰርቨር ባለሞያን አያስቀርም፤ ይልቁንም ከትንሹ የበለጠ ዐዋቂ ይጠይቃል። ባለሞያ ላለመቅጠር ብሎ ታላቅ ሰርቨር የሚገዛ ሰው በመጨረሻ ሁለቱንም ይከፍላል።

«ነገ ስናድግ ያስፈልገናል» የሚሉም አሉ። ዕድገትን ማሰብ የነጋዴ ጠባይ ነው፤ ይሁንና ባዶ የሰሌዳ ሥፍራ ያለውን ሰርቨር ገዝቶ ሜሞሪውን በሚያስፈልግበት ዓመት መጨመር ይቻላል። ዛሬ የዋጋው ውድነት በጸናበት ጊዜ የከርሞውን ሜሞሪ መግዛት የከርሞውን ክረምት ጃንጥላ በዘንድሮው ክረምት ዋጋ እንደ መግዛት ነው።

ምክራችን

ስለዚህ ነጋዴው የመግዣ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩን ወይም ባለሞያውን የሚከተሉትን በጽሑፍ እንዲያስረዳው ይጠይቅ።

1ኛ፤ የመዝገቡ ጠቅላላ ብዛት ስንት ጊጋባይት ነው? በየወሩስ ምን ያህል ያድጋል?

2ኛ፤ ከዚህ ውስጥ በየቀኑ የሚንቀሳቀሰው ስንት ነው? ለአንድ ወር ያህል ከሜሞሪ የተገኘውና ከዲስክ የተነበበው ተቆጥሮ ይቅረብ፤ የወሩ መጨረሻ ቀን ከቁጥሩ እንዳይቀር።

3ኛ፤ ከሁሉ የሚዘገዩት ዐሥር ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው? ማውጫ ተሠርቶላቸዋልን?

4ኛ፤ አሁን ያለው ሜሞሪ ለሶፍትዌሩ ተፈቅዶለታልን? ወይስ እንደ ተተከለ ቀርቷል? የፈቃዱስ ወሰን ስንት ነው?

5ኛ፤ መብራት ቢጠፋ የትኛው ሽያጭ ይጠፋል? መልሱ «ምንም» ካልሆነ ምክንያቱ ይብራራ።

6ኛ፤ የመዝገቡ ግልባጭ ከሰርቨሩ ውጭ፥ በሌላ ሕንጻ ይቀመጣልን? ግልባጩስ ተመልሶ ሊነሣ መቻሉ በተግባር ተፈትኗልን?

ለእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች የተሟላ መልስ የሚሰጥ ሻጭ የታመነ ነው፤ የሚጠይቀውንም ዋጋ መክፈል ይገባል። መልስ የሌለው ግን መሣሪያውን እንጂ የእናንተን ሥራ አያውቅም።

ነጋዴ ለጋማ ከብት ጭነት፥ ለመኪናም ልክ ያውቃል፤ ከልኩ በታች ቢጭን ኪሣራ፥ ከልኩ በላይ ቢጭን ጉዳት መሆኑን ማንም አያስተምረውም። ለሰርቨሩም ይህንኑ ልክ ይወቅለት። ለሚንቀሳቀሰው መዝገብ የሚበቃ ሜሞሪ፥ ለውሎ መዝገቡ የታመነ ዲስክ፥ ለመብራቱ መተማመኛ፥ ለግልባጩ ሁለተኛ ሥፍራ፥ ለአያያዙም የሚያውቅ ሰው ይኑረው። ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ወደ ንግዱ ይመለስ፤ የነጋዴ ገንዘብ ወለድ የሚወልደው በመደርደሪያ ላይ ሲዞር እንጂ በሰርቨር ውስጥ ተኝቶ ሲቀመጥ አይደለምና።